እመት አህያ በሌሊቱ ባቡር

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ቲኬት ቆርጠው አገር ላገር በሚዞሩበት ዘመን፣ ገደል አፋፍ በምትባል የደጋ መንደር የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። የመንደሩ እንስሳ ሁሉ እመት አህያ ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ እህሉንም፣ እንጨቱንም፣ የሠርግ ሚዜውንም ተሸክማለች። እሷን የተሸከማት ግን አንድም አልነበረም።

መንደሩ አንድ ምንጭ ነበረው። አህዮች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚጠጡት ከዚሁ ምንጭ ነው። በዚያ ዓመት ግን አያ ጅቦ ምን እንደነካው አይታወቅም፣ «ምንጩ የአባቴ ርስት ነው» ብሎ ንጉሥ አንበሳ ዘንድ ከሰሰ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኛው ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በሚያውቁት አገር ነውና ይብሳል።

አንበሳ ብርድ ስለማይወድ ችሎት የሚያስችለው ታች ቆላ፣ ሩቅ ከተማ ነው። ቀጠሮው ለረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተቆረጠ። ሕጉ ሁለት ነበር። ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ሙግቱን ያጣል። ባለጉዳይን በመንገድ ላይ የነካ ደግሞ ቆዳው ይገፈፋል። ይቺ ሁለተኛዋ ሕግ ባትኖር ኖሮ ተረታችን እዚሁ ላይ በአጥንት ክምር ያልቅ ነበር።

አህዮች ተሰብስበው እመት አህያን ወከሉ። ለመንገዷም ከየግርግማቸው ገብስ አዋጡ። ተሰፍሮ ሁለት ቁና ተኩል ሆነ።

«እመት አህያ፣ ምንጩን ካጣን ውርንጭሎቹን የት እናጠጣለን?» አሏት።

«ካልሞትኩ አልቀርም» አለችና ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ገብሷን በከረጢት ይዛ ወደ መናኸሪያው ወረደች።

መናኸሪያው ውስጥ ቀበሮ አንድ አሮጌ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። «ቆላ! ቆላ! ቆላ! የሞላ! አንድ ሰው ብቻ! ሊወጣ ነው!»

«ልጄ፣ ዋጋው ስንት ነው?» አለችው።

«ለሌላው አንድ ቁና ተኩል ነው። ለእርስዎ ለእመቴ ግን አንድ ቁና ብቻ።»

«መቼ ያደርሰኛል?»

«ዛሬ ማታ! እራትዎን የሚበሉት ቆላ ነው።»

«ባቡሩስ?»

ቀበሮ ከት ብሎ ሳቀ። «ባቡር? እሱማ የሚነሳው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ዋጋው ሁለት ቁና። አልጋ አለው ይላሉ። አህያ ቆማ አይደል እንዴ የምትተኛው? አልጋ ምን ሊያደርግልዎት ነው?»

ድሃ ርካሽ ሲባል ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ የአህያ ጆሮ ደግሞ ድሮም የቆመ ነው። እመት አህያ አንድ ቁና ላተርፍ ነው ብላ ደስ እያላት ገባች። አውቶቡሱ ከፊት እስከ ኋላ በዝንጀሮ ተሞልቷል፤ ባዶው ወንበር አንድ ብቻ ነው። በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ሂሳብ የሚሰበሰበው መኪናው ከተነቃነቀ በኋላ ስለሆነ ገብሷ እንደታሰረ ነው።

ፀሐይ ወጣች። አውቶቡሱ አልተነሳም። አንዲት ፍየል ገባች፤ አንድ ዝንጀሮ «ወንድሜን ልጥራው» ብሎ ወረደ። ሁለት በጎች ገቡ፤ ሁለት ዝንጀሮዎች ወረዱ። ቀበሮ አሁንም «አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። እመት አህያ አጠገቧ የተቀመጠውን ጆሮው የተቀደደ ዝንጀሮ ዞር ብላ አየችው። ቅድም በኋላ በር ሲወርድ ያየችው እሱን ነው፤ አሁን በፊት በር ገብቶ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ አንተ ወዴት ነህ?» አለችው።

«እኔማ የትም አልሄድም እመቴ። ሥራዬ ወንበር ማሞቅ ነው። አውቶቡሱ የሞላ እንዲመስል በቀን አንድ ሙዝ ይሰጡኛል።»

«በል እሺ፣ ሲነሳስ ዛሬ ማታ ይደርሳል?»

ዝንጀሮው ሳቁ አመለጠው። «ዛሬ ማታ? አውቶቡስ በሌሊት መንዳት ክልክል ነው እኮ! መሀል መንገድ ያድራል። አልጋ ግማሽ ቁና፣ እራት ሩብ፣ ቁርስ ሩብ። የሚደርሰው ነገ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሱም ጎማው ከፈቀደ።»

እመት አህያ ክው አለች። ቀጠሮዋ ነገ ጠዋት ነው! ገና ከድንጋጤዋ ሳትመለስ ከመስኮቱ ሥር ሹክሹክታ ሰማች። አንዱ ድምፅ የቀበሮ ነው። ሌላው ደግሞ አህያ በእንቅልፏም የምታውቀው ድምፅ ነው። ለካ የአውቶቡሱ ባለቤት አያ ጅቦ ነው!

«ጌታዬ፣ ለምን እዚሁ ጥለናት አንሄድም? ከቀረች እኮ ሙግቱ ያንተ ነው» ይላል ቀበሮ።

«ሞኝ ነህ! አንድ ወንበር አንድ ቁና ነው። ምንጩንም እወስዳለሁ፣ ገብሷንም እወስዳለሁ። መሀል መንገድ ስናድር እሷን አስተኝተን እኛ በጨለማ ሹልክ እንላለን።»

ጅብ ገብስ ምን ያደርግለታል ብላችሁ አትጠይቁ። ስስት ሆድን አያማክርም።

እመት አህያ ከረጢቷን አንስታ በዝንጀሮዎቹ መሀል እየተጋፋች ወረደች። ቀበሮ በሩ ላይ ተገተረባት።

«እመቴ፣ ወዴት ነው? ሊወጣ እኮ ነው!»

«እሱ እስኪወጣ እኔ ልቅደመው» አለችና ገፍታው አለፈች።

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ወደ ባቡር ጣቢያው ነው። ሁለቱን ቁና አስረክባ ቲኬቱን ስትቀበል እጅግ ጨነቃት። ያ ገብስ ከጎረቤቶቿ አፍ የተቀነሰ ነው፤ ብትሸነፍ ምን ብላ ትመለሳለች? ግን ደግሞ አሰበችው። አውቶቡሱም ከነአልጋው፣ ከነእራቱና ከነቁርሱ ቢደመር ያው ሁለት ቁና ነው፤ ያውም ቀጠሮ የሚያሳልፍ ሁለት ቁና። ይህን አስልታ ቲኬቱን ከተረፋት ግማሽ ቁና ጋር ከረጢቷ ውስጥ ከተተች።

ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ባቡሩ ጮኸና ተነሳ። የእሷ አልጋ ከታች ነው፤ ነጭ አንሶላ ተነጥፎበታል። ፊት ለፊቷ ባለው አልጋ ላይ ደግሞ መንገዱን የለመደች አሮጊት ዔሊ አንገቷን አውጥታ ተጋድማለች። እመት አህያ አንሶላውን በአፍንጫዋ ነካ አደረገችውና አጠገቡ ቆመች።

«ልጄ፣ ተኚ እንጂ!» አለች ዔሊ።

«ይቆሽሽብኛል እማማ።»

«የከፈልሽበት ነው፣ ተኚ!»

እየፈራች ወጣችና ጋደም አለች። ጥቂት እንደሄዱ ባቡሩ ዳገት ጀመረና አቃሰተ። እመት አህያ እሳት እንደነካት ከአልጋዋ ተስፈንጥራ ወረደች።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች ዔሊ።

«ዳገት ነው እኮ እማማ! ልውረድና ላግዘው።»

ዔሊ እስኪያስላት ሳቀች። ሳቋ ሲያልፍ ግን ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ስሚ ልጄ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ቤቴን በጀርባዬ ነው ይዤ የምዞረው። እዚህ አልጋ ላይ ስወጣ ግን እኔም ቤቴም እንተኛለን። ዳገቱ የባቡሩ ነው። ያንቺ ዳገት ነገ ጠዋት ነው፤ ለሱ ብለሽ ተኚ።»

እመት አህያ ዓይኗ እንባ ሞላ። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሯት የሚያውቅ የለም። ወጥታ ተጋደመች፣ አራት እግሯን እንደ ልቧ ዘረጋች። ሀዲዱ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ ሲል ሁለተኛውን ዳገት ሳታየው እንቅልፍ ወሰዳት።

አያ ጅቦስ? አውቶቡሱ የተነሳው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ያውም ቀበሮ በግድ ለምኖት። መንገድ ላይ እጁን ያነሳውን ሁሉ ካልጫንኩ አለ። ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ደረደረ፣ በርጩማው ሲያልቅ አንዱን ባንዱ ላይ አስቀመጠ። ቀበሮም በየመንደሩ በር ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሲጮህ ዋለ። ሲመሽ መንገደኞቹን ማደሪያ ከተማ ላይ አራገፉና ሁለቱ ብቻ መብራት አጥፍተው በጨለማ ሾለኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ብዙም ሳይሄዱ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማውን አያ ጅቦ አምና ሸጦታል። ቀሪውን መንገድ አንዱ እየገፋ፣ አንዱ መሪ እየያዘ አነጉት።

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባቡሩ ቆላ ገባ። እመት አህያ ፊቷን ታጠበች፣ ከተረፋት ግማሽ ቁና ላይ ቆረጣጥማ ጠገበች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ችሎት በር ላይ ቆማለች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን አጋፋሪው ሰጎን አንገቱን አስግጎ ጠራ። «አያ ጅቦ!» ዝም። «አያ ጅቦ!» አሁንም ዝም። «አያ ጅ...» ሲል ቅባትና አቧራ የለበሰ አንድ ነገር እየተንገዳገደ ገባ። ዓይኑ በርበሬ መስሏል። በአውቶቡሱ ረዳቱ፣ በችሎት ደግሞ ጠበቃው የሆነው ቀበሮም ከኋላው ይጎተታል።

«እመት አህያ፣ ቀድመሽ ተናገሪ» አለ ንጉሥ አንበሳ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ምንጩ ሦስት ዓይን አለው። ሁለቱ በበጋ ይደርቃሉ፤ የመሀለኛው ደርቆ አያውቅም። መስከረም በጠባ ቁጥር ደለሉን የምንጠርገው እኛ ነን። ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ አባቶቻችን ተንበርክከው ሲጠጡበት፣ እኛም ስንጠጣበት በጉልበታችን ተልጓል። ሰው ይላኩና ያስመርምሩት።»

ቃሏ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ራሷም ገረማት። ታዳሚው እርስ በርሱ ተያየ። ያቺ በየገበያው ሁሉም የሚዠልጣት አህያ ናት እንዲህ የምትናገረው?

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። አገር የሚያውቀው አንደበተ ርቱዕ አፉን ከፈተ። «ክ... ክኽ...» ከዚያ ሌላ አልወጣም። ድምፁ ለበርጩማ ሲጮህ መንገድ ላይ አልቋል።

«እንግዲያው አንተው ራስህ ተናገር» አለው አንበሳ አያ ጅቦን።

አያ ጅቦ ዓይኑ እየተከደነ ጀመረ። «ንጉሥ ሆይ... ምንጩ የኛ ነው። ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ ማታ ማታ... ቁጥቋጦው ሥር እንቀመጣለን።»

«ተቀምጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንጠብቃለና።»

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«አህዮቹን ነዋ! ሊጠጡ ሲመጡ...»

ቀበሮ ዘሎ ጭራውን ነከሰው። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። አንበሳ ራሱ ጎፈሩ እስኪረግፍ ሳቀ።

«አያ ጅቦ፣» አለ ሳቁን ገትቶ፣ «እመት አህያ ካንተ የተሻለ ምስክር ከየት ታመጣለች? አያትህ እዚያ አድብተው አህያ ይጠብቁ ከነበረ፣ አያትህ ሲመጡ አህዮች ይጠጡ ነበር ማለት ነው። ምንጩ የአህዮች ነው! ከዛሬ ጀምሮ ከምንጩ በሺህ እርምጃ ውስጥ የተገኘ ጅብ ቆዳው የዙፋኔ ምንጣፍ ይሆናል። ወጪና ኪሳራዋንም ሁለት ቁና ገብስ ትከፍላለህ።»

አያ ጅቦ ፍርዱን አልሰማም። ቆሞ አንቀላፍቶ ነበርና አጋፋሪው ቀስቅሶ ነገረው።

እመት አህያ ግን ሰምታለች። ደስታው ከጉሮሮዋ በላይ ሆነባትና ንጉሥ ፊት መሆኗን ረስታ፣ አንገቷን ወደ ሰማይ አንስታ አናፋች። አህያ ስታናፋ ሁልጊዜ «ዝም በይ!» የሚላት አይጠፋም ነበር። ያን ዕለት ግን ዝም በይ ያላት የለም። ሚዳቋዎቹ እልል አሉ፣ ዝሆኖች መሬት ደበደቡ፣ አንበሳም ዝም ብሎ አዳመጣት።

በተከፈላት ገብስ የሌሊቱን ባቡር ይዛ ኀሙስ ጠዋት ገደል አፋፍ ስትደርስ አህዮች ሁሉ አፋፉ ላይ ወጥተው ይጠብቋታል። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ማናፋታቸው ሰባት መንደር ተሰማ። ያን ቀን ማታ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ውርንጭሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥቋጦውን ሳይገላመጡ፣ አንገታቸውን ደፍተው እስኪጠግቡ ጠጡ። እመት አህያም ከመሀላቸው ቆማ አብራቸው ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው ርካሽ መንገድ ማለት ዋጋው ያነሰው ሳይሆን፣ ለሄድንበት ጉዳይ በሰዓቱና በሙሉ ጉልበታችን የሚያደርሰን መሆኑን ነው።