የጦይባ እቁብ ለሦስት ቀን

ተረት ልነግራችሁ ነው፣ «እሺ» በሉኝ። ባትሉኝም እነግራችኋለሁ፣ አንዴ አፌን ከፍቻለሁ።

ደሴ ውስጥ ጦይባ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጋሽ ይመር ሱቅ፣ በጋሽ ይመር የስፌት መኪና ላይ ስትሰፋ ኖራለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሷ የስፌት መኪና። ጎረቤቷ ወይዘሮ ታንጉት ዓይናቸው ስለደከመ የእሳቸውን በአሥራ አምስት ሺህ ብር ሊሸጡላት ተስማሙ። ጦይባ በየእሁዱ አምስት መቶ ብር እቁብ ትጥል ነበርና ዕጣው ወጣላት። ልክ አሥራ አምስት ሺህ ብር!

እቁብ ደግሞ ያለ ዋስ አይሰጥም። ብሩን ይዛ ብትጠፋ የቀረውን ሳምንት ማን ይጥላል? ዋሷ ነዋ። ዋሷ ማን ነው? አሠሪዋ ጋሽ ይመር። ፈረሙላት። ብሩን ቆጥራ ገና ከበሩ ሳትወጣ ከኋላዋ ጠሯት።

«ጦይብዬ፣ ለሦስት ቀን ብቻ አበድሪኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ የስፌት መኪና ልገዛበት ነው።»

«ዋስሽ እኔ አይደለሁም እንዴ? እኔ አምኜሽ ስፈርም አንቺ ለሦስት ቀን አታምኚኝም?»

ምን ትበል? ደመወዟን የሚከፍሏት እሳቸው፣ ዋሷም እሳቸው። ሳትወድ በግድ ሰጠች። ሦስቱ ቀን ሦስት ወር ሆነ። በጋሽ ይመር ሱቅ የታዘዘ ሱሪም እንደዚያው ነው የሚደርሰው።

አንድ ዓርብ ወይዘሮ ታንጉት ጠሯትና «ልጄ፣ ሌላ ገዢ መጥቶብኛል። እስከ ሰኞ ጠዋት ጠብቄሽ ካልመጣሽ እሰጠዋለሁ» አሏት። ዘጠኝ ዓመት የለፋችበት ነገር በሦስት ቀን ሊያመልጣት ነው። እየሮጠች ጋሽ ይመር ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ብሬን።»

«ብሩማ ዳቦ ጋጋሪው ኑርዬ ዘንድ ነው» አሉ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እያስተካከሉ። «እኔ እቁብ ሲደርሰኝ ዋሴ እሱ ነበር። ለሦስት ቀን አበድረኝ አለኝ። ዋስን እንዴት እምቢ ይሉታል?»

«እኔም አላውቅም» አለች ጦይባ።

እንግዲህ ኑርዬ ካልሰጣቸው ጋሽ ይመር አይሰጡም፤ ጋሽ ይመር ካልሰጧት ጦይባ የስፌት መኪናዋን አትገዛም።

ኑርዬ ዘንድ ሄደች። ኑርዬ አንድ ዳቦ አነሣና ሰጣት፤ ካለፈው ወር ዳቦ በግማሽ ያነሰ ነው።

«እንኪ ብዪ። ብሩን ግን የወፍጮ ቤቷ እትዬ ደብሪቱ ወስደውታል። ዋሴ ናቸዋ! እምቢ ብላቸው ነገ ዱቄት ማን ይፈጭልኛል?»

እትዬ ደብሪቱ ካልሰጡት ኑርዬ አይሰጥም፤ ኑርዬ ካልሰጣቸው ጋሽ ይመር አይሰጡም፤ ጋሽ ይመር ካልሰጧት ጦይባ የስፌት መኪናዋን አትገዛም።

ዳቦዋን እየገመጠች ወፍጮ ቤት ሄደች። ወፍጮው ያጓራል። እትዬ ደብሪቱ ከነቅንድባቸው ነጭ ሆነዋል።

«እትዬ፣ ብሬን!» ብላ ጮኸች።

«ምን?»

«የኑርዬን ብር! የጋሽ ይመርን ብር! የእኔን ብር!»

«እ! እሱንማ ሹፌሩ ካሣዬ ወሰደው!» ብለው ከወፍጮው በላይ ጮኹ። «ለሦስት ቀን ብሎ! ዋሴ ነው! ለእሱ ደግሞ ዋሱ የእቁቡ ዳኛ ናቸው! ሂጂ ጠይቂው!»

እህል ይዞ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። ግማሹ የእቁቡ አባል ነበር። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ካሣዬ ካልሰጣቸው እትዬ ደብሪቱ አይሰጡም፤ እትዬ ደብሪቱ ካልሰጡት ኑርዬ አይሰጥም፤ ኑርዬ ካልሰጣቸው ጋሽ ይመር አይሰጡም፤ ጋሽ ይመር ካልሰጧት ጦይባ የስፌት መኪናዋን አትገዛም።

ካሣዬ ከጭነት መኪናው ሥር ተኝቶ ጫማው ብቻ ይታያል። ጦይባ ለጫማው ነገረችው።

«እህቴ፣ እኔ ዘንድ የለም» አለ ጫማው። «ዳኛው አቶ ምህረቱ ተበድረውኛል።»

«ለሦስት ቀን?»

«በምን አወቅሽ?»

«ወጥተህ አታናግረኝም?»

«ብወጣም ያው ነኝ።»

ዳኛው ካልሰጡት ካሣዬ አይሰጥም፤ ካሣዬ ካልሰጣቸው እትዬ ደብሪቱ አይሰጡም፤ እትዬ ደብሪቱ ካልሰጡት ኑርዬ አይሰጥም፤ ኑርዬ ካልሰጣቸው ጋሽ ይመር አይሰጡም፤ ጋሽ ይመር ካልሰጧት ጦይባ የስፌት መኪናዋን አትገዛም። እኔ በመናገር ደከመኝ፤ እሷ ዳገቱን በእግሯ ነው የወጣችው።

የእቁቡን ዳኛ አቶ ምህረቱን ቤታቸው በር ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ሰውየው ደንብ ይወዳሉ። የእቁቡን ደንብ ራሳቸው ጽፈው እቁቡ በሚጣልበት ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል፦ ያለ ዋስ አንድ ሳንቲም አይወጣም፣ ዳኛም ቢሆን። «ዳኛም ቢሆን» የምትለዋን የጨመሯት ሰው እንዲያደንቃቸው ነበር፤ ሰውም አድንቋቸዋል።

«ብሩን በልቼዋለሁ፣ አልዋሽሽም» አሏት። «ግን የእኔ ዕጣ ገና አልወጣም። ይውጣልኝና በዚያው ቀን ለካሣዬ እሰጣለሁ።»

ዕጣው ካልወጣ ዳኛው አይሰጡም፤ ዳኛው ካልሰጡት ካሣዬ አይሰጥም፤ ካሣዬ ካልሰጣቸው እትዬ ደብሪቱ አይሰጡም፤ እትዬ ደብሪቱ ካልሰጡት ኑርዬ አይሰጥም፤ ኑርዬ ካልሰጣቸው ጋሽ ይመር አይሰጡም፤ ጋሽ ይመር ካልሰጧት ጦይባ የስፌት መኪናዋን አትገዛም። ጦይባ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። በጋሽ ይመር ተናደደች፣ ከጋሽ ይመር ይልቅ ግን በራሷ ተናደደች።

እሁድ ሆነ፣ እቁብተኛው ተሰበሰበ፣ ዕጣ ተጣለ። ለማን ወጣ? ለአቶ ምህረቱ!

ጦይባ ከመቀመጫዋ ዘለለች። «ተመስገን! በሉ አሁን ለካሣዬ ይስጡት!»

«ካሣዬማ ለሦስት ቀን ይታገሠኛል» አሉ አቶ ምህረቱ። «ሶፋ አዝዣለሁ።»

ጦይባ ዓይኗ እንባ ሞላ። በዚህ ጊዜ የእቁቡ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ «ዋስዎ ማን ነው?» አለ።

«ለእኔም?»

ጸሐፊው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደንብ በጣቱ አሳየ።

አቶ ምህረቱ ቤቱን ቃኙ። አንዱ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር አጎነበሰ። አንዷ ያልጮኸ ስልክ አንሥታ «ሃሎ» አለች። እትዬ ደብሪቱ ወፍጮ ቤት የጮኹትን ሁሉም ሰምቷል፣ ብሩ በመጨረሻ ማን ዘንድ እንደ ደረሰም አሁን ገብቶታል፤ ለእንዲህ ያለ ተበዳሪ ማን ይፈርማል? ጋሽ ይመርም፣ ኑርዬም፣ ካሣዬም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«እኔ እፈርማለሁ» አለች ጦይባ።

ጋሽ ይመር ደንግጠው «አብደሻል? ብሩን ይዘው ቢጠፉስ?» ብለው በጆሮዋ ሹክ አሏት።

«በምን ይጠፋሉ?» አለችና እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። እስክሪብቶውን ግን አልመለሰችም። አቶ ምህረቱ አሥራ አምስት ሺውን ቆጥረው ወደ ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ፣

«አቶ ምህረቱ፣ ለሦስት ቀን ብቻ ያበድሩኝ» አለች።

«ምን ያህል?»

«ሁሉንም።»

«ኧረ ልጄ፣ ሶፋ ልገዛበት ነው!»

«ዋስዎ እኔ አይደለሁም እንዴ? እኔ አምኜዎት ስፈርም እርስዎ ለሦስት ቀን አያምኑኝም? አይ ካሉ ፊርማዬን ልሰርዘው፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ይመር ብቻ አልሳቁም፣ ንግግሩን ያውቁታል። አቶ ምህረቱ ላብ ላብ አላቸው፤ እምቢ ቢሉ ጠቅላላው ሊቀር ነው፣ ሰው ደግሞ ያያቸዋል። ሰጡ።

ሰኞ ጠዋት ገና በማለዳው የስፌት መኪናው ከወይዘሮ ታንጉት ቤት ወጥቶ ጦይባ ቤት ገባ።

ረቡዕ አቶ ምህረቱ መጡ። «ሦስት ቀኑ ሞላ፣ ብሬን» አሉ።

ጦይባ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሣ መለሰች፦ «ጋሽ ይመር ካልሰጡኝ አልሰጥም፤ ኑርዬ ካልሰጣቸው ጋሽ ይመር አይሰጡም፤ እትዬ ደብሪቱ ካልሰጡት ኑርዬ አይሰጥም፤ ካሣዬ ካልሰጣቸው እትዬ ደብሪቱ አይሰጡም፤ ዳኛው ካልሰጡት ካሣዬ አይሰጥም።»

«ዳኛው ደግሞ ማን ናቸው?» አሉ ተናደው።

«እርስዎ ነዎታ።»

አቶ ምህረቱ በጣታቸው አንድ ሁለት እያሉ ቆጠሩ፣ ወደ ኋላም ቆጠሩ፣ የትም በኩል ቢቆጥሩ የሚደርሱት ራሳቸው ዘንድ ነው። ቤታቸው ሄደው ሶፋው ሊቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ማታ ወደ ቤታቸው ሲያልፉ ጋሽ ይመር በበሩ ብቅ አሉ። «ጦይብዬ፣ ያቺን መቀስሽን ለሦስት ቀን ብቻ...»

«እዚሁ ቆመው ይቁረጡባት፣ ጋሼ።»

እኔም ጨረስኩ። ተረቴን ውሰዱት፣ በነፃ ነው። በብድር ግን አልሰጥም።