ተራራውን ማን ይጠብቅ?

አንድ ጊዜ ከአንድ የተራቆተ ተራራ ግርጌ የምትፈልቅ ምንጭ መንጠፍ ጀመረች። ዝናብ ቢመጣም አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል እንጂ መሬት አይሰርግም ነበር።

ንጉሡ አንበሳ፣ «ሣሩና ችግኙ እስኪያገግም ተራራውን ማንም እንዳይረግጥ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ጥበቃውን ለአያ ጅቦ ሰጠ።

እመት አህያ አዋጁን አክብራ በደረቁ ሜዳ ላይ ስትራብ ከረመች። አንድ ቀን ቀና ብላ ብታይ ከርከሮ ከነቤተሰቡ ተራራው ላይ ይግጣል። አያ ጅቦ ከርከሮ የወረወረለትን አጥንት እየቆረጠመ ዓይቶ እንዳላየ ሆኗል።

«ሞኟ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አለችና እሷም በጓሮ በኩል ገባች። ሌላውም ተከተለ። ምንጯ ጭራሽ ጭቃ ሆነች።

አንበሳ ተቆጥቶ ሁሉንም ሰበሰበ። «የገዛ ውኃችሁን ትጠላላችሁ?»

ቀበሮ ፈጠን ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ቅጣቱን ያክብዱት፤ ጥበቃውንም ለእኔ ይስጡኝ» አለ።

አህያ እየፈራች ተነሣች። «ጌታዬ፣ ውኃውን አልጠላንም። ያላመንነው ጠባቂውን ነው። ሁላችንም አብረን የምንራብ ቢሆን እኔም እችለው ነበር። ጠባቂውን እኛ እንምረጥ፤ ካጠፋም እኛው እናውርደው።»

አንበሳ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ምረጡ» አለ።

ቀበሮና አህያ ለምርጫ ቆሙ፤ ቀበሮ ያልገባው ቃል አልነበረም። ከኋላው የተሰለፈው ግን አያ ጅቦ ብቻ ሆነ። እሱም ጮክ ብሎ፣ «ያልከኝን አጥንት መቼ ነው የምትሰጠኝ?» ሲለው ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። የቀሩት ሁሉ ከአህያ ኋላ ተሰለፉ።

አንድ ቀትር ላይ አንበሳ ራሱ የቋጥኝ ጥላ ፍለጋ ተራራውን መውጣት ጀመረ። እንስሳቱ ከታች ሆነው ተመለከቱ። አህያ መንገዱ ላይ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ተራራው ዝግ ነው።»

አንበሳ አገሳ። «ለእኔም?»

«ለእርስዎም።»

አንበሳ ከታች የሚያዩትን ዓይኖች ሁሉ ቃኘ። ከዚያም ዞሮ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ከርከሮ ሳይቀር ልጆቹን ከተራራው ይመልስ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ሣሩ ውኃውን ይዞ አስቀረው። በበጋው ምንጯ ቀጠን ብላም ቢሆን ሳትቋረጥ ፈሰሰች፤ አንበሳም አህያም ተራቸውን ጠብቀው ጠጡ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕዝብ ለነገ ብሎ የዛሬን ችግር የሚታገሠው ጠባቂውን ራሱ ሲመርጥና ሕጉ ለትልቁም ለትንሹም እኩል መሆኑን በዓይኑ ሲያይ መሆኑን ነው።