የ«አልቆም አለች» ቁልቁለት

«አልቆም አለች» የሚባለው ቁልቁለት የሚገኘው አምባ ግራርና ዝግባ ሥር በተባሉት ሁለት ጥንታዊ መንደሮች መካከል፣ ግራና ቀኙን ዝግባና ወይራ አጅበውት በሚወርደው አሮጌ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ጭነት የሚባል አያልፍበትም፤ ሣር ለብሶ፣ ጥላ ደርቦ፣ የድንጋይ ቤቶቹንና የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ከከተማ የሚመጡ ሰዎች በእግርና በብስክሌት የሚንሸራሸሩበት ሆኗል። ታዲያ ብስክሌተኛ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከቁልቁለቱ አናት ካለችው ሾላ ሲደርስ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ መሄድ አለበት። ሳይወርድ ሊያልፍ የሞከረ እንደሆነ፣ ከየአጥሩ ጀርባ «ኧረ ውረድ! የማንያህልሃል ዘመድ ነህ እንዴ?» የሚል ጩኸት ይከተለዋል። እንግዳ ሰው ስድብ ይመስለዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ስድብም ምርቃትም አድርጎ ነው የሚናገረው።

ሽማግሌዎቹ እንደሚናገሩት፣ በአያቶቻቸው ዘመን ይህ መንገድ ተዘግቶ ነበር። የዘጉት የዝግባ ሥሩ ባላምባራስ ወንድይራድ ሲሆኑ፣ ምክንያቱም የአምባ ግራር በቅሎዎች ከገበያ ሲመለሱ ማሳቸው ገብተው ያልታጨደ ገብስ ስለበሉባቸው ነው ይባላል። ባላምባራስ ቁጡ ነበሩና መንገዱን ከግቢያቸው ደጅ ላይ ከዳር እስከ ዳር በእሾህ አጥረው፣ መንደሩ በተሰበሰበበት፣ «ከእንግዲህ የአምባ ግራር ሰው በእግሩም ሆነ በበቅሎ ጀርባ ይህን አጥር አያልፍም፤ ማርያምን!» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲያ የአምባ ግራር ሰው ገበያ ለመሄድ ገደሉን ዞሮ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እግሩ እስኪዝል መንከራተት ሆነ ዕጣው።

ነገሩ የባሰው ግን ፍቅር ሲገባበት ነው። የባላምባራስ ልጅ አትጠገብና የአምባ ግራሩ ቢያድግልኝ አጥሩ ከመታጠሩ በፊት ተያይተው፣ ተዋውቀው፣ ልብ ለልብ ተግባብተው ኖሯል። የልጁ ወገኖች ወግ ባለው መንገድ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹም ከእሾሁ ወዲያ ማዶ ቆመው ጮኸው ሲለምኑ፣ ባላምባራስ ከእሾሁ ወዲህ ሆነው እንዲህ ሲሉ መለሱ ይባላል፦

«ደግ ሰዎች ናችሁ። ልጁም ጨዋ ነው ይሉኛል። ግን ደጄ ድረስ መጥቶ ላልለመነኝ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

«እንግዲያው ያስገቡን!»

«እንዴት ብዬ? ምያለሁ እኮ!»

በዚህ ዓይነት ሽማግሌ ሲመላለስ ቆይቶ፣ ባላምባራስ ልጅቱን ከፋሲካ በኋላ ለሌላ አገር ሰው ሊሰጧት ነው የሚል ወሬ ተሰማ። አትጠገብም እህል ውኃ አልል አለች፤ ከአባቷ ጋር መነጋገርም ተወች። ባላምባራስ ለሰው አይናገሩት እንጂ፣ መሐላቸው እንደ ጠባብ ጫማ ሲቆረቁራቸው ነበር ይባላል።

ይህን ጊዜ ነው የቢያድግልኝ አጎት ማንያህልሃል ከከተማ ብስክሌት ይዞ የመጣው። ማንያህልሃል በቅሎ ነጋዴ ነበር፤ ሰውነቱ ሞላ፣ ድምፁ ጎላ፣ ወሬው ሰፋ ያለ ሰው። አገሩ ብስክሌት አይቶ ስለማያውቅ «የብረት በቅሎ» አላት፤ እሱም ስሙን ወደደው። እንደሚነገረው፣ ያስተማረው የከተማ ሰው አወጣጡንና አነዳዱን ካሳየው በኋላ ማቆሙን ነገ እነግርሃለሁ ብሎት ነበር፤ ማንያህልሃል ግን አገሩ ገብቶ እስኪታይ ቸኩሎ ነገን ሳይጠብቅ መንገድ ጀመረ። ፍሬን የተባለውን ብረት የዝንብ ጭራውን ማንጠልጠያ አደረገው። መቆም ሲፈልግ አንድ ዛፍ መርጦ ያቅፋል። አምባ ግራር ሜዳ ነው፤ ዛፉም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ችግሩን ማንም አላወቀበትም።

ለመጨረሻ ጊዜ ሽማግሌ ሲላክ ማንያህልሃል፣ «እኔም አለሁበት። ባላምባራስ እኔን ሲያዩ እምቢ አይሉም» አለ።

«በእግርህ ና እንግዲህ» አሉት አብረውት የሚሄዱት።

«እስከ ሾላዋ ድረስ በእሷ እሄዳለሁ። እዚያ ወርጄ ከእናንተ ጋር እቆማለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ቀድመው ወርደው አጥሩ ሥር ቆሙ። ማንያህልሃል ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ጃንጥላውን ጀርባው ላይ አዝሎ እየተንጎማለለ መጣ። ሾላዋ ጋ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ሊያቅፋት ሞከረ። ሾላዋ ግን እንደ ሜዳው ወይራ ቀጭን አይደለችም፤ እጁ ግንዷን አሻሽቶ አለፈ። ቁልቁለቱም ተቀበለው።

መጀመሪያ ላይ ነፋሱ ደስ ብሎት ነበር ይባላል። ቀጥሎ ኮፍያው ሄደ። ከዚያ መንገዱ ወደ ላይ የሚመጣበት መሰለው፤ ሁለት እግሮቹን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣

«አልቆም አለች! ወገኖቼ፣ አልቆም አለች!» እያለ ጮኸ።

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ሲያዩ ማንያህልሃል ደርሶባቸዋል። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ዘለሉ። ባላምባራስ ዓመት ሙሉ ሲያጠብቁት የኖሩት አጥር እንደ ሸረሪት ድር ተቀደደ፤ ማንያህልሃል ከነእሾሁ፣ ከነጃንጥላው በግቢው መሀል አልፎ፣ ዶሮዎቹን በትኖ፣ ከጓሮው የጭድ ክምር ውስጥ እስከ ወገቡ ተሰካ።

ባላምባራስ ተቀምጠውበት ከነበረው መደብ ብድግ ብለው፣ ዱላቸውን ይዘው ወደ ክምሩ ተጠጉ። የሚታየው እግር ብቻ ነበር።

«ማን ነህ?»

«ሽማግሌ ነኝ!» አለ ጭዱ ውስጥ ያለው ድምፅ።

«ምን ፈልገህ?»

«ልጅዎን... ለወንድሜ ልጅ... ልለምን መጥቼ ነው።»

«ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆሞ ይለምናል እንጂ ተቀምጦ ይገባል እንዴ?»

«ጌታዬ፣ መቆሙን ባውቅማ መች እዚህ እደርስ ነበር!»

ከቤት ውስጥ ሳቅ ተሰማ። የአትጠገብ ሳቅ ነው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ባላምባራስም ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ወዲያው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «መሐላዬ!» አሉ። «የማርያምን ስም ጠርቼ የማልኩት ፈረሰ።»

ማንያህልሃል ከጭዱ ወጥቶ፣ አንድ እግሩ ባዶውን፣ ጢሙ ገለባ ለብሶ ቆመ። የወንድሙ ልጅ እንደ አባት የሚያየው እሱን ነበር፤ «ግድ የለህም፣ አመጣልሃለሁ» ብሎት ነው የመጣው፤ አሁን ግን በገዛ እጁ ነገሩን ጨርሶ ያበላሸው መሰለውና ዕንባው መጣ።

ያን ጊዜ የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ ዘርትሁን ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

«ምን ብለው ነበር የማሉት? እስቲ ይድገሙልኝ።»

«በእግሩም ሆነ በበቅሎ ጀርባ አያልፍም።»

«ሰውዬው ሲገባ እግሮቹ የት ነበሩ?»

ሁሉን ያየው ጎረቤታቸው አቶ ጫንያለው ነበር። «አየር ላይ፤ ሁለቱም» አለ። «አንዱ ጫማ እንዲያውም ከባለቤቱ ቀድሞ ነው የገባው።»

«እንግዲያው በእግሩ አልገባም።»

አቶ ጫንያለው ግን ክርክር የሚወድ ሰው ነበርና፣ «በእግሩስ አልገባም፤ ነገር ግን ራሱ የብረት በቅሎ እያለ ነው የሚጠራት። ብረት ብትሆንም በቅሎ በቅሎ ናት» አለ።

ይህ ከባድ ነገር ሆነ። ባላምባራስ አሰቡ፤ አጥሩ በነበረበት ቦታ የቆሙት ሽማግሌዎችም አሰቡ። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ «በቅሎ ከሆነች ገብስ ትበላለች። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ገብስ አይደለም እንዴ? ይቅረብላት!» ብለው ፈረዱ።

ብስክሌቷ ከጭዱ ተጎትታ ወጥታ ምሰሶ ተደግፋ ቆመች፤ ገብስ በቁና ቀረበላት። መንደሩ ከብቦ ትንፋሹን ዋጠ። ድንገት ነፋስ መጣና፣ የተጣመመው የፊት ጎማ ቀስ ብሎ ወደ ገብሱ ዞር አለ።

«አደራሽን» አለ ማንያህልሃል በሹክሹክታ፤ «አንቺን ብዬ ነው ከከተማ የመጣሁት። እንዳትበዪ!»

ጎማው ቆመ። ሳትበላ፣ ሳትቀምስ ዝም አለች። እንዲያውም አንዲት ዶሮ መጥታ ከፊቷ ትለቅም ጀመር።

«አያችሁ?» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። «ዶሮ ገብሷን ስትበላባት ዝም የምትል በቅሎ የት አገር አለች?»

ባላምባራስ በረጅሙ ተነፈሱ። «በእግሩ አልገባም፤ በበቅሎም አልገባም። መሐላዬ እንዳለ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ማዶ ወደቆሙት ሽማግሌዎች ዞሩ። «እናንተ ደግሞ ምን ትጠብቃላችሁ? አጥር አያልፍም አልኩ እንጂ፣ አጥር በሌለበት አያልፍም አላልኩም። ግቡ!»

ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ በወጉ ቆመው ለመኑ። ለማንያህልሃል ስለወደቀው ውድቀት ሲባል ለብቻው በርጩማ ቢቀርብለት፣ «የለም፣ ዛሬ መቀመጥ በቅቶኛል» ብሎ ጋብቻው እስኪቆረጥ ድረስ በአንድ ጫማ ቆሞ ዋለ። ባላምባራስም ልጃቸውን ሲሰጡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ከሾላዋ ወዲህ ማንም ሰው፣ በብረትም ሆነ በሥጋ በቅሎ ላይ፣ ተቀምጦ እንዳይመጣባቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አጥሩ አልተመለሰም፤ መንገዱም አልተዘጋም።

ዛሬም ቢሆን ከሁለቱ መንደሮች አንዱ ወደ ሌላው ሽማግሌ ሲልክ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብስክሌት እየገፋ ይወርዳል። የልጅቱ እናትም ገብስ ታቀርብላታለች፤ አልበላችም ሲባል እልል ይባላል። ከከተማ የመጡ ተጓዦች ይህን አይተው የመጀመሪያዋስ በእርግጥ አልበላችም ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ የዝግባ ሥር ሰዎች አንዲት ፍሬ አልነካችም ብለው ይምላሉ። የአምባ ግራር ሰዎች ግን፣ የባላምባራስ ቤት ሰው አጠገባቸው አለመኖሩን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና፣ «ትንሽ ቀምሳለች» ይላሉ።