የእመት ድንቄ ቋጠሮ

ተረት ተረት።
የላም በረት።
በረቱ ከምንጩ በላይ፣ ላሟ ከምንጩ በታች። ተጠጉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ይህ ሁሉ የቆርቆሮ ቤት ጥድና ቁጥቋጦ ሳለ፣ ከኮረብታው ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። መጀመሪያ እመት ድንቄ የሚባሉ ፈታይ ከባላቸው ጋር መጡና ጎጆ ቀለሱ። ከዚያም ሸማኔው መጣ። ከዚያም ሸክላ ሠሪዋ መጣች። ከዚያም እንጨት ፈላጩ። አዲስ ሰው ሲመጣ እመት ድንቄ ከምንጯ በቅል ይቀዱና ይሰጡታል። ያን ውኃ የጠጣ ሰፈርተኛ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ከየት መጣህ የሚለው የለም። ሰፈሩም እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፋ።

አንድ ቀን ቢሻው የሚባል ባለጸጋ በበቅሎ መጣ። ለእሱም ቀዱለት። ጠጣና፦ «እንዲህ ያለ ውኃ ቀምሼ አላውቅም» አለ። ከዚያም የአቡጀዲ ፋብሪካ ሠራ። ጭሱ ወጣ። ፊሽካው ጮኸ። የሰፈሩ ልጆች የአባታቸውን ሥራ ትተው ገቡለት። ሰው ከየአገሩ መጣና ጎጆ በጎጆ ላይ ተደረበ። እስከዚህ ደግ ነበር። ኋላ ግን ቢሻው ምንጯን በግንብ አጥሮ ያዛት። «ውኃዋ ለክር ማቅለሚያ ናት» አለ። ለሰፈሩ የቀረው ከታች ያለው ወንዝ ነው። ወንዙ ውስጥ ደግሞ የፋብሪካው ፍሳሽ ይገባል። ያን የጠጡ ሕፃናት ሆዳቸው ተነፋ። አንዳንዱም ከተኛበት አልተነሣም።

እመት ድንቄ ባላቸው ሞቶ፣ እሳቸውም አርጅተው ነበር። ነጠላቸውን ለበሱና ሄደው ፋብሪካው በር ላይ ቆሙ። ቢሻው ኮቱን ለብሶ ሲወጣ፦
«በሕግ አምላክ፣ ቁም» አሉት።

በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አይራመድም። ቆመ። እሳቸውም የነጠላቸውን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ይህ ቁራኛ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ቋጠሮውን የበጠሰ ተረታ።

ቢሻው ሳቀ፦
«አንቺ አሮጊት፣ ልታገቢኝ ነው?»
«ባል ብፈልግስ ከአንተ የተሻለ አላጣም» አሉት።

ሄዱ። ዳኛው ቆላ ወርደዋል። «እስኪመለሱ እንደተቋጠራችሁ ቆዩ» አሏቸው የዳኛው ቤተሰቦች። ቢሻው ደሙ ፈላ። ከኋላ የተከተለውን ዘበኛውን ጠራ። ዘበኛው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ነው።
«ቁረጠው» አለው።
«ጌታዬ፣ ቢላዬ ደንዟል።»
«የእኔን ውሰድ።»
«እጄም ደንዟል።»

እመት ድንቄም፦ «በል ና፣ ውኃ ልቀዳ ነው። ተራዬ እንዳያልፈኝ» አሉ። በጎጇቸው በኩል አልፈው እንስራቸውን አዘሉ፣ ቅላቸውንም ያዙና ወደ ወንዙ ወረዱ። ቢሻው ከኋላ ተከተለ። ምን ያድርግ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሴቶቹ ወንዙ ዳር ተሰልፈው አዩት።
«እመት ድንቄ፣ ይህን ምን ይቀልቡታል?» አለች አንዷ።
«ይህ አይበላም፣ ይጠጣል። አንድ ምንጭ ሙሉ ጠጥቶ አልረካም።»

ቢሻው ግን የእውነቱን ጠምቶት ነበር። ምላሱ ደረቀ። እመት ድንቄ በዚያችው በቀድሞዋ ቅል ቀዱና ሰጡት። ውኃው ሰማያዊ ነው። አረፋ አለው። ይሸታል።
«ይሄ ምንድነው?»
«ውኃ ነው። ከግንብህ ሥር የወጣ።»
«ይሄ ይጠጣል?»
«ልጆቻችን ይጠጡታል። ጠጣ እንጂ፣ ሰፈርተኛ አይደለህ?»

ቅሉን ይዞ ቆመ። ወደ አፉ አስጠጋና መለሰው። አልቻለም። ከዚያም አንገቱን ደፋና፦
«እመት ድንቄ፣ ይፍቱኝ። ነገ ግንቡን አስከፍታለሁ» አለ።
«እንግዲያው ነገ እፈታሃለሁ።»
«ዛሬ አስከፍታለሁ።»
«በል ቅደም።»

ወደ ምንጯ ግንብ ወጡ። ቢሻው «ይህን ድንጋይ...» ብሎ ሳይጨርስ ሠራተኞቹ ዶማ አንስተው ነበር። ሰው ከነእንስራው የሚያሾልክ ቀዳዳ ከፈቱ። ቢሻው እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ።
«ቆይ» አሉት። «የመጨረሻዋ እንስራ ትሙላ።»

ሴቶቹ ገቡ። ልጆቹ ገቡ። ፊሽካው ጮኸ፣ ወደ ሥራ የተመለሰ የለም። የሰፈሩ እንስራ ሁሉ እስኪሞላ ቢሻው እንደተቋጠረ ቆመ። ከዚያም እመት ድንቄ በቅሏ ቀዱና ጠጡ። ለእሱም ሰጡት። ጠጣ። ያኔ ፈቱት።

እመት ድንቄ አለፉ። ቢሻውም አለፈ። ሌላ ጌታ መጣ፣ ከእሱም በኋላ ሌላ። እያንዳንዱ ቀዳዳዋን ልድፈን ብሎ ድንጋይ ያስመጣል። ያን ቀን የሰፈሩ ሴቶች ይወጣሉ። አይጮኹም። አይሳደቡም። የነጠላቸውን ጫፍ በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። ጌታውም ኮቱን ያይና ድንጋዩን ይመልሳል። ግንቡ እስከ ዛሬ ሽንቁር ነው።

ተረቴ ይኸው፣ በእጃችሁ ገብቷል። እናንተ ደግሞ አፌን በዳቦ ቁራሽ ዝጉልኝ። ውኃውን ተዉት፣ ከምንጯ ራሴ እቀዳለሁ።