ወንጭፉ ዝም ያለ ቀን

ተረት ተረት። እኛ ቤት የላም በረት አልነበረም፤ ተረት ግን ነበረ።

ጓንጉል የሚባል ሽማግሌ ማሽላውን ከማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ይጠብቅ ነበር። ዝንጀሮዎቹን ሁሉ ይመታል፤ አንዲቱን አንካሳ ግን ሁልጊዜ ይስታታል።

አንድ ቀን ወንጭፉ ዝም አለ። አንካሳዋ ማማው ላይ ብትወጣ ጓንጉል በወባ ይንቀጠቀጣል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ድንጋይህ የታል?»

«እጄ ከዳኝ። በይ እንግዲህ ከመንጋሽ ጋር የዓመት ቀለቤን ጨርሱት፣ አንቺ ሌባ።»

«አንተ ከሞትክ እኔን ማን ወርውሮ ይስተኛል?»

ማማው ላይ ቆማ «ነብር! ነብር!» ብላ ጮኸች። መንጋው ገደሉን ወርዶ ጠፋ። ሦስት ቀን እንዲሁ ጠበቀችለት።

በአራተኛው ቀን ማሳው ዳር ሳለች ወንጭፉ ጮኸ፤ ድንጋዩም ከአጠገቧ ወደቀ። «እሰይ፣ ድኗል!» አለችና አንድ ዛላ ማሽላ ቀጥፋ ሸሸች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅር።