መብረቅና ውኃ የማትጠጣዋ ድንቡሼ

ተረት ላምጣላችሁ፤ እናንተ ጆሮ አምጡ። በድሮ ጊዜ፣ መኪና አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ጋሽ እንግዳሸት የሚባሉ ሰው ሁለት አሮጌ መኪኖች ነበሯቸው። አንዱ ቀይ፣ ረጅም፣ አፍንጫው ሹል፤ ስሙ መብረቅ። ሌላዋ ክብ፣ አጭር፣ ሞተሯ ከኋላ፤ ስሟ ድንቡሼ።

አንድ ቀን ጋሽ እንግዳሸት፣ «ልጄ ውዴነሽ ልትወልድ ነው። ክፍል ስሠራላት ግቢው ሁለታችሁን አይችልም። ሥራችሁን አይቼ እፈርዳለሁ፤ የተሻለው ይቀራል፤ ሌላው ይሸጣል» አሏቸው።

መብረቅ ሳቀ። «ይኼማ ያለቀለት ነገር ነው! እኔ ስሮጥ ነፋስ ከኋላዬ ይቀራል። አንቺን ግን አህያ ትቀድምሻለች።»

«አህያዋስ ሰላም ብላኝ ነው የምታልፈው» አለች ድንቡሼ። «አንተን ከጋራዥ ውጪ ማን አግኝቶ ሰላም ይበልህ?»

መጀመሪያ ለሠርግ ወጡ። መብረቅ ሽው ብሎ ደረሰ። ድንቡሼ የደረሰችው ድግሱ ሲነሳ ነው። «ትራፊ አስቀምጬልሻለሁ» አላት።

ሁለተኛ ለገበያ ሊወጡ ሲሉ መብረቅ አልነሳም አለ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ፤ «መለዋወጫው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው።» መብረቅ ወሩን ሙሉ ሸራ ለብሶ ተኛ። ድንቡሼ ግን የላላው ሁሉ በሽቦ እየተጠፈረላት፣ ሽንኩርት ጭና ስትመለስ፣ «እንዴት ዋልክ፣ ነፋስ ቀዳሚው?» ትለው ነበር። ይስቃል፤ ሆዱ ግን ፈራ። ከተሸጠ የሚገዛው ብረት አቅላጭ ነው፤ ድስት አድርጎት ቁጭ!

ሦስተኛ፣ መብረቅ መለዋወጫው መጥቶለት ከተነሳ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ውዴነሽን ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያው ከተራራው ወዲያ ነው። «ፈጣኑ ይውሰዳት!» ተባለ። አባቷ ይዘዋት በመብረቅ ሄዱ፤ ባሏ በድንቡሼ ተከተለ። መብረቅ አቀበቱን ተያያዘው፤ ሳያጋምሰው ግን አፈላ። እንፋሎቱ ተትጎለጎለ። «ውኃ! ውኃ!» አለ። ከየት ይምጣ? ያለው ድንጋይ ብቻ። ውዴነሽ ትጮኻለች፤ አባቷ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። መብረቅ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

ድንቡሼ ጥርርር፣ ጥርርር እያለች ከታች ብቅ አለች። ውዴነሽን ተቀብላ እንዳትሄድ፣ በእሷ አካሄድ ልጁ መንገድ ላይ መወለዱ ነው። ሆዷ ውስጥ ግን ውኃ የሞላ ጀሪካን ነበር።

«አንቺ ሞተርሽን ነፋስ የሚያበርድልሽ፣ ውኃ የማትጠጪ! ለማን ብለሽ ነው?» አለ መብረቅ።

«ለሚጠጣው ነዋ! ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ተሸክሜልህ ስዞር ነበር። በል፣ በረድ በልና ጠጥተህ ሩጥ።»

በረድ አለ፤ ጠጣ፤ ሮጠ! ውዴነሽ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ገና ጋደም እንዳለች ወንድ ልጅ ተገላገለች።

የፍርዱ ቀን ሲደርስ መብረቅ ቀድሞ ተናገረ። «ጋሼ፣ እኔን ይሽጡኝ። እሷ ባትደርስልኝ ልጅዎን ጉድ አድርጌያት ነበር።»

«ኧረ ለገዢው እዘኑለት!» አለች ድንቡሼ። «ሰውየው ምን በደለ?»

ውዴነሽ ሕፃኑን እንደታቀፈች ከት ብላ ሳቀች። «አባዬ፣ የእኔ ክፍል ይጥበብ፤ ሁለቱም ይቅሩ።»

ክፍሉ ጠበበ። ሁለቱም አፍንጫና ጅራት ገጥመው፣ እየተነቋቆሩ ኖሩ።

ተረቴ እዚህ ቆመ፤ እናንተ ይህችን ይዛችሁ ሂዱ፦ ሯጭ የሚመካው በእግሩ ነው፤ የሚደርሰው ግን ውኃ ባቀበለው።