የጃርት ጉድጓድና የዝንጀሮ ሥልጠና

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁኝ ላሟን እንተዋትና ወደ ጃርት እንሂድ። ጃርት ክረምት ሳይገባ ጉድጓዱን ቆፍሮ መጨረስ ነበረበት፤ አለዚያ ጎርፍ ይወስደዋል።

ገና ሲጀምር ቁራ መጣች። «አያ ጃርት፣ አልሰማህም? ጅብና ቀበሮ ተጣሉ እኮ!»

ጃርት «ማን ጀመረው? ማን ገላገለ?» እያለ ሲጠይቅ መሸበት። በማግስቱ ጆሮውን በጭቃ ወተፈና «እዚያች የዛፍ ሥር ጋ ሳልደርስ ቀና አልልም» ብሎ ማለ። ሥሯ ጋ ሲደርስ ሌላ ሥር መረጠ።

አንድ ቀን ዝንጀሮ በእንጨት ነካ ነካ አደረገው። ጃርት ከአንድ ጆሮው ጭቃውን አወጣ።

«ሥራ ላይ እንዴት እንደማይዘናጉ ሥልጠና እየሰጠሁ ነው። አውሬው ሁሉ ሥራውን ትቶ እየተከታተለ ነው፤ አንተስ?» አለው ዝንጀሮ።

«ለመሆኑ አንተ ጉድጓድ ቆፍረህ ታውቃለህ?»

«እኔ አሠለጥናለሁ እንጂ መቼ እቆፍራለሁ!»

ጃርት ጭቃውን ወደ ጆሮው መለሰ።

ሥልጠናው ሃያ ቀን ፈጀ፤ በሃያ አንደኛው ዝናቡ ወረደ። ሠልጣኞቹ ሁሉ ተግተልትለው ጃርት ቆፍሮ የጨረሰው ጉድጓድ ገቡ። ዝንጀሮ ደረቁን ቦታ ይዞ የምስክር ወረቀት ያድል ጀመር። ጃርትም ጭቃውን ከጆሮዎቹ አውጥቶ፣ ስሙ የሚጠራ መስሎት እጁን ዘረጋ።

«አንተ መቼ ተከታተልክ? ደግሞ እሾህህ እንግዳ ይወጋል፤ በር ላይ ሁን» አለው ዝንጀሮ። ሁሉም አጨበጨቡ።

ጃርትም ጆሮዎቹን ወተፈና ከፍ ካለው ዳገት ላይ ሌላ ጉድጓድ ጀመረ፤ ይኼኛውን ለአንድ ብቻ እንዲበቃ አድርጎ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ለሠልጣኞቹ ስጡ።